ፊቱ የመንገዱ ነው



የግብዣው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ጥያቄው ግልጽ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለመስክ ጥናት ለሚወጡ የአርክቴክቸር ተማሪዎች የከተማ መሀል እንዴት እንደሚነበብ ንገርልን ይላል። ሳላመነታ ነው እሺ ያልኩት። እኔም ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያውን መንገድ ሜትር ዘርግቼ የለካሁት በዚችው በድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ከለገሃር ብዙም ሳይርቅ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ነበር። ያን ቀን የተማርኩትን ነገር ከዚያ ወዲህ በሠራሁት ሥራ ሁሉ ይዤው ዞሬአለሁ። ዛሬ ለእናንተ ላካፍለው ነው የመጣሁት።

የማወራው ስለ ሦስት ነገር ነው። ስለ መንገድ፣ ስለ ብሎክ እና ስለ ቤት ፊት። በሦስቱም ውስጥ ግን የምመላለስበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ስለዚህ ከወዲሁ ልንገራችሁ። የቤት ጓዳው የባለቤቱ ነው። ሳሎኑም መኝታውም የባለቤቱ ነው። ፊቱ ግን የመንገዱ ነው። ባለቤቱ የቤቱን ፊት የሚያየው ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው፤ መንገደኛው ግን ቀኑን ሙሉ አብሮት ይውላል። ጥላውን የሚጠለልበት፣ ደፉ ላይ የሚቀመጥበት፣ ግድግዳውን ተደግፎ ሰው የሚጠብቅበት መንገደኛው ነው። ይህን ከያዛችሁ ነገ የምትለኩት እያንዳንዱ ቁጥር ትርጉም ይኖረዋል።

ወደ መንገዱ ከመግባቴ በፊት ግን ከተማዋ ለምን እዚህ እንደተቀመጠች ጥቂት ልበል። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። አጼ ምኒልክ ለመሐንዲሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ነገር ግን ሐረር ተራራ ላይ ናት፤ ባቡርን እዚያ ማውጣት ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ስለዚህ መስመሩ ከተራራው ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በዚህ ሞቃት ሜዳ ላይ አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ባቡሩ እዚህ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ለብዙ ዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ይህች ከተማ ነበረች ማለት ነው። ዕቃ ከባቡር ይወርዳል፣ ግመልና በቅሎ ይጫናል። መጋዘን ያስፈልጋል፣ ጉምሩክ ያስፈልጋል፣ የባቡር ሠራተኛ የሚያድርበት ቤት ያስፈልጋል። መስመሩን የዘረጋው የፈረንሳይ ኩባንያ ሐዲድ በሚቀይስበት ዓይን ከተማ ቀየሰ። ከዚራ ቀጥ ቀጥ ያለ መንገድ ያላት ለዚህ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው መጋላ ደግሞ በሌላ እጅ፣ በሌላ ልማድ አደገች። መጋላ የሚለው ቃል በሶማልኛ ከተማ ማለት ነው። ሁለት ከተማ፣ በመካከላቸው አንድ የአሸዋ ወንዝ። ለአርክቴክቸር ተማሪ ከዚህ የበለጠ መማሪያ አገራችን ውስጥ አለ ብዬ አላምንም።

እንግዲህ መንገዱን እንጀምር።

አብዛኞቻችሁ መንገድ ሳሉ ስትባሉ ሁለት መስመር ታሰምራላችሁ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ባዶ ወረቀት መንገዱ ይሆናል። እኔ የምጠይቃችሁ መንገዱን እንደ ክፍል እንድታዩት ነው። ወለል አለው፤ አስፋልቱ፣ ኮብልስቶኑ ወይም አፈሩ። ግድግዳ አለው፤ በግራና በቀኝ የቆሙት የቤት ፊቶች። ጣራ አለው፤ ሰማዩ፣ አንዳንድ ቦታም የዛፍ ቅርንጫፍ። ክፍል ከሆነ ደግሞ ስፋቱና የግድግዳው ቁመት እንዴት ይመጣጠናሉ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ይህን ጥያቄ በመጽሐፍ ውስጥ እንደ ውበት ጉዳይ ታገኙታላችሁ። በድሬ ግን የጤና ጉዳይ ነው። ምክንያቱም እዚህ መንገድ የሚለካው በጥላ ነው።

አንድ ቀላል ስሌት ላሳያችሁ። በመስከረምና በመጋቢት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ከአድማስ እስከ አናታችን ካለው መንገድ ግማሹን ወጥታለች። ያን ጊዜ የግድግዳ ጥላ ርዝመት ከግድግዳው ቁመት ጋር እኩል ነው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይም እንደዚያው። አሁን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ፣ 12 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ አስቡ፤ ዳርና ዳሩ 4 ሜትር ቁመት ያላቸው ቤቶች ቆመዋል። በሦስት ሰዓት የመንገዱ ሲሶ ብቻ ነው ጥላ ያገኘው። እዚያው አቅጣጫ የሚሄድ፣ 3 ሜትር ስፋት ያለው የመጋላ ዓይነት ስርጥ መንገድ ደግሞ አስቡ፤ ግድግዳው ያው 4 ሜትር ነው። ስርጡ ከዳር እስከ ዳር ጥላ ነው፤ ጥላው አልፎ ተርፎ ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ ይወጣል። ቤቶቹ አልተለወጡም። የተለወጠው በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ነው። ሕፃን ልጅ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲላክ በአንዱ እየተቃጠለ፣ በሌላው በጥላ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ሰፊው የከዚራ መንገድ ስሕተት ነው ማለት ነው? አይደለም። የከዚራ መንገድ ጥላውን የሚያገኘው ከግድግዳ ሳይሆን ከዛፍ ነው። የኒም ዛፍን አስቡ። በግንቦት እሳት የመሰለ ቀይ አበባ የሚያወጣውን ያን ሰፊ ዛፍ አስቡ፤ እኛ መሀል አገር ያለነው «የድሬዳዋ ዛፍ» እንለዋለን። ዛፉ አገሩ እዚህ ባይሆንም ስሙን ከዚች ከተማ አግኝቷል። በከዚራ ዛፉ የመንገዱ ጣራ ነው። ስለዚህ ነገ የመንገዱን ሴክሽን፣ ማለትም ቁርጡን፣ ስትሠሩ ዛፍን እንደ ጌጥ፣ እንደ አረንጓዴ ነጥብ እንዳታስቀምጡት እለምናችኋለሁ። የግንዱን ቦታ ከግድግዳው ስንት ሜትር እንደሚርቅ ለኩ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከመሬት ስንት እንደሆነ ለኩ። በስድስት ሰዓት ጥላው የት እንደሚወድቅ በጠመኔ መሬቱ ላይ አሥምሩ። አንድ የከዚራ ኒም ሲቆረጥ መንገዱ ጣራው ተነቀለ ማለት ነው፤ ጣራ እንደተነቀለበት ቤት አድርጋችሁ መዝግቡት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከውጭ የሚመጡ መጻሕፍት ስለሚያሳስቷችሁ ነው። እዚያ ደቡብን የሚያይ ግድግዳ ፀሐያማ፣ ሰሜንን የሚያይ ቀዝቃዛ ነው ይላል። ለአውሮፓ እውነት ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን አሥር ዲግሪ እንኳ በማይሞላ ቦታ ላይ ነን። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ እዚህ የምትቆመው ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ነው። የሰሜኑ ግድግዳም በተራው ይጋገራል። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ሥዕል የትም ታትሞ አይገኝም። ድሬ ውስጥ ቆማችሁ፣ በድሬ ፀሐይ፣ እናንተ ራሳችሁ የምትሠሩት ነው።

መንገድን ሳነሣ ደቻቱን ሳልጠቅስ ባልፍ የዚህ ከተማ ሰው ይታዘበኛል። ኬቨን ሊንች የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፉ ሰው ከተማን በአእምሮው የሚስለው በአምስት ነገር ነው ይላል፤ በመንገድ፣ በጠርዝ፣ በሰፈር፣ በመገናኛና በምልክት። በስቱዲዮ ተምራችሁታል። ደቻቱን ግን ከአምስቱ በየትኛው ትጽፉታላችሁ? ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ያኔ መንገድም አደባባይም ነው። ክረምት ላይ ደግሞ እዚህ ከተማ ጠብታ ሳይወርድ፣ ከላይ ከተራራው የዘነበው ዝናብ በሌሊት ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የመጣውን ጎርፍ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ነው የወሰደው። ዘመድ ያጣችሁ ትኖራላችሁና በድፍረት አልናገርም። ለተማሪዎቼ ግን ይህን እላለሁ። ደቻቱን በሰማያዊ ቀለም ብቻ የሳለ ሰው የጥርን ወር አያውቅም፤ በአሸዋ ቀለም ብቻ የሳለ ደግሞ ሐምሌን ረስቷል። ሁለት ካርታ ሥሩለት።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሻገር፤ ወደ ብሎክ። እዚህ ብዙ አልቆይም፤ ብሎክን በመስማት ሳይሆን በመዞር ነው የሚያውቁት።

ብሎክ በመንገዶች የተከበበ የቤቶች ስብስብ ነው። አንድ ብሎክ ሲሰጣችሁ መጀመሪያ ዙሩት፤ ሳትለኩ፣ ሳትስሉ። ከዚያ በርምጃ ለኩት። ከዚያ በሮቹን ቁጠሩ። በእያንዳንዱ 50 ሜትር ስንት በር አለ? አሥር በር ያለበት 50 ሜትርና አንድ የብረት በር ብቻ ያለበት 50 ሜትር በካርታ ላይ አንድ መስመር ናቸው፤ ለሚራመድ ሰው ግን እንደ ገበያና እንደ በረሃ ይለያያሉ። ከዚያ ማዕዘኖቹን እዩ። የማዕዘን ቤት ሁለት መንገድ ነው የሚያየው፤ ሁለት ፊት አለው። ጥጉ ተቆርጦ በር የወጣለት ካገኛችሁ ቆም በሉ፤ ያን ቤት የሠራው ሰው ከሁለቱም መንገድ የሚመጣውን ሰላም ማለት ፈልጎ ነበር።

የብሎኩ ጠርዝ ቤት ነው፤ ውስጡስ? በከዚራ ቤቱ መንገዱን ይዞ ይቆምና ከኋላው ግቢ ይተርፋል፤ የውሃ በርሜል፣ ልብስ ማስጫ፣ አንድ ሁለት ዛፍ። በመጋላ ውስጥና ውጭ እንዲህ በአንድ መስመር አይለዩም። ስርጡ ከመንገዱ ይገባል፣ ይጠመዘዛል፣ ሦስት አራት ቤት ደጅ ይደርስና ያበቃል። መጨረሻው ላይ ስትቆሙ በማን ቤት እንደቆማችሁ አታውቁም። በእርግጥ በሰው ቤት ቆማችኋል። ስለዚህ ሰላምታ አቅርቡ፣ አስፈቅዱ፣ ለምን እንደመጣችሁ ተናገሩ። እንዲህ ዓይነቱን አሠራር በስፋት ማየት የፈለገ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ ሐረር ጀጎልን ይይ። በ48 ሄክታር ውስጥ መንገድ እንዴት ቀስ በቀስ ወደ ቤት እንደሚለወጥ ያያል።

እዚህ ላይ አንድ የድሮ ካርታ ላስታውሳችሁ። ጃምባቲስታ ኖሊ እ.ኤ.አ. በ1748 የሮምን ካርታ ሲያወጣ ቤቶችን አጠቆረ፣ መንገዶችን ነጭ ተወ። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለውም። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያኖቹንም ውስጥ ነጭ ተወው፤ ማንም ሰው ገብቶ የሚወጣበት ስለሆነ ከአደባባዩ ጋር አንድ አድርጎ ሣለው። ነጩ የሁሉም ነው፣ ጥቁሩ የግል ነው። ነገ የድሬን ካርታ እንዲህ አድርጋችሁ ሥሩ። የመስጊዱን ቅጥር፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ፣ የቀፊራ ገበያን ቅስቶች ውስጥ ነጭ ተዉ። ከዚያ ወደ በረንዳው ትደርሳላችሁ፤ እዚያ እርሳሳችሁ ይቆማል። በረንዳው በካርታ የባለሱቁ ነው። ጥላው ግን የመንገደኛው ነው፤ ማንም ሳያስፈቅድ ያልፍበታል። ነጭ ነው ወይስ ጥቁር? ተከራከሩበት። የእኔን መልስ ታውቁታላችሁ፤ ፊቱ የመንገዱ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛውና ወደምወደው ነጥብ ደርሻለሁ፤ ወደ ቤት ፊት።

ስለ ቃሉ መጀመሪያ። በስቱዲዮ «ፋሳድ» ትላላችሁ፤ ክፉ አይደለም። ግንበኛው ግን «የቤቱ ፊት» ነው የሚለው፤ እኔ የእሱን እመርጣለሁ። ፊት ያለው ነገር ያያል፣ ይታያል፣ ይጠቁራል፣ ይፈካል። ቃላችን ራሱ ከተማ ያስተምራል። ለገሃር ከፈረንሳይኛ ነው የመጣው፤ ፌሮ፣ ላሜራ፣ ብሎኬት ከጣሊያንኛ። ኮርኒስ ግን ልብ በሉ፤ በጣሊያንኛ ከግድግዳ አናት ወጣ ብሎ የሚዞረው ጠርዝ ነው፤ በእኛ አገር አናጺ አፍ ግን ወደ ቤት ውስጥ ገብቶ የክፍሉ ጣሪያ ሆነ። ስለዚህ ነገ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ስለ ኮርኒስ ሲያወራችሁ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ እዩ።

የአንድን ቤት ፊት ስታነቡ ከታች ጀምሩ። እግሩ ምንድን ነው? ድንጋይ ከሆነ እስከ ስንት ሜትር? እርጥበቱ፣ የባጃጅ ጭቃ፣ የሰው ጀርባ የነካው እስከ የት ነው? ከዚያ መካከሉን፤ በርና መስኮቱ በስንት ርቀት ይመላለሳሉ? ግድግዳው ይበዛል ወይስ ክፍተቱ? ከዚያ አናቱን፤ ጣራው ከግድግዳው ስንት ወጥቶ ያጠላል? ከጣራው ሥር ትንንሽ የአየር ማውጫ ቀዳዳዎች አሉ ወይ? የግድግዳውን ውፍረት ማወቅ ስትፈልጉ መስኮቱ ላይ ክንዳችሁን አስገቡ። ከጣታችሁ ጫፍ እስከ ክርናችሁ ከዋጠ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አግኝታችኋል። እንዲህ ያለ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቶሎ ወደ ውስጥ አያሳልፍም፤ ይዞ ያቆየዋል። የድሮው ግንበኛ ይህን በቀመር አልተማረም፤ እቤቱ ውስጥ ተኝቶ ነው ያወቀው። አሮጌ ሐዲድ ምሰሶ ወይም የአጥር ቋሚ ሆኖ ብታዩም ሣሉት፤ በባቡር ከተማ ሐዲድ የሥራ ዘመኑን ጨርሶም ቤት ይሸከማል።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ለዚህ ንግግር ያበቃኝን ነገር ነው። ተማሪ ሳለን ሦስት ሆነን ከዚራ ውስጥ አንድ ቤት ደረሰን። ምድር ቤት ብቻ ነው፤ ፊቱ ላይ ጠባብ በረንዳ፣ አንድ በር፣ ሦስት መስኮት አለው። መስኮቶቹ አየር እንዲያሳልፉ ሆነው በሰያፍ የተደረደሩ የእንጨት መዝጊያዎች ነበሯቸው፤ ሰማያዊ ቀለማቸው በፀሐይ ወደ ግራጫ ሄዷል። አምስት ሰዓት ላይ ጀመርን፤ ሙቀቱ ሲበረታ ከተማው ሁሉ ተዘጋግቶ ሰው ተኛ፤ እኛ ግን ስምንት ሰዓት ድረስ ለካን። ሁሉም ተዘግቶ ስለነበር ሁሉንም ዝግ አድርገን ሣልነው። ንጹሕ ሥዕል ነበር። ሚዛኑን የጠበቀ፣ እያንዳንዱ ቁጥር በቦታው። የአንደኛውን መስኮት ደፍ ከበረንዳው ወለል 70 ሴንቲ ሜትር ብለን መዘገብን። ለመስኮት ትንሽ ዝቅ ያለ ነው ተባባልንና አለፍነው።

የቤቱ ባለቤት እማማ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ሥዕሉን አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጆቼ፣ ይሄ የማን ቤት ነው?» አሉን።

«የእርስዎ ነው እኮ እማማ።»

«የኔ ቤት እንዲህ ፊቱን አዙሮብኝ አያውቅም። አቦ፣ አሥር ሰዓት ሲል ኑና እዩት።»

አሥር ሰዓት ላይ ተመለስን። መዝጊያዎቹ ከግድግዳው ጋር ተለጥፈው ተከፍተዋል። በረንዳው ላይ ውሃ ተረጭቷል፤ የእርጥብ አቧራ ሽታ አለው። አግዳሚ ወጥቷል፤ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠውበታል። የጎረቤት ልጅ እማማ መስኮት ሥር ምድጃ አስቀምጣ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። እማማ ደግሞ ከውስጥ ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጠው ክንዳቸውን መስኮቱ ደፍ ላይ ጥለዋል። ያ 70 ሴንቲ ሜትር! የተቀመጠ ሰው ክንዱን የሚያሳርፍበት፣ ውጭ የቆመ ሰው ብርጭቆውን የሚያስቀምጥበት ከፍታ ነው። ጠጋ ብዬ ደፉን በእጄ ዳሰስኩት። እንጨቱ መሀሉ ላይ ተልጎ፣ ልስልስ ብሎ፣ እንደ ጀልባ ጎድጉዷል። ቀን በሜትር ስንለካው ቀጥ ያለ መስመር አድርገን ነበር የሣልነው። በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ የስንት ዓመት ምሽት እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ከመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ሰላም ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስም እየጠሩ ይመልሳሉ። ቤቱ ሥራ ላይ ነበር። ያን ማታ ሁለተኛ ሥዕል ሠራን። ያንኑ ቤት፣ በዚያው ሚዛን፣ በአሥራ አንድ ሰዓት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅለን ስናያቸው የመጀመሪያው የግድግዳ ሥዕል ነበር፤ ሁለተኛው የመንገድ ሥዕል። ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ የሚያስረክቡኝ ተማሪዎች ሁሉ ለአንድ ቤት ሁለት ኤሌቬሽን፣ ማለትም ሁለት የፊት ሥዕል፣ ነው የሚያመጡት፤ የቀትሩንና የአመሻሹን። ከእናንተም የምጠብቀው ይህንኑ ነው።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። በከተሞቻችን ሁሉ፣ በድሬም ጭምር፣ አዲስ ዓይነት ፊት እየመጣ ነው። ከመሬት እስከ ጣራ መስታወትና አሉሚኒየም። ከመንገዱ ወደ ኋላ ሸሽቶ ይቆማል፤ ፊት ለፊቱን ለመኪና ማቆሚያ ይለቅቃል። ለመሠራቱ ተቃውሞ የለኝም፤ ከተማ ያድጋል፣ ሰው የተሻለ ቢሮና ሱቅ ያስፈልገዋል። ነገር ግን መንገዱ ላይ የሚያደርሰውን ተመልከቱ። የበረንዳው ጥላ መስመር እዚያ ጋ ይበጠሳል። ከአጠገቡ ካለው አሮጌ ቤት በጥላ የመጣው መንገደኛ ፀሐይ ላይ ይወጣል። መስታወቱ ያገኘውን ብርሃን መልሶ ዓይኑ ላይ ይጥልበታል። ውስጡን ለማቀዝቀዝ የተሰቀለው ማሽን ደግሞ የውስጡን ሙቀት አውጥቶ መንገዱ ላይ ይተፋዋል። ባለቤቱ ውስጥ ቀዝቅዞታል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው መንገዱ ነው። እንዲህ ያለውን ሕንፃም ነገ ለኩት። ፊት ለፊቱ ስንት ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆመ? አጠገቡ ባለው በረንዳ ሥርስ ስንት? ቁጥሩን ጻፉ። ቁጥር ይዛችሁ ስትሟገቱ ማዘጋጃ ቤቱም ባለሀብቱም ይሰማችኋል። «ያምራል፣ አያምርም» ብላችሁ ስትሟገቱ ግን የሚሰማችሁ የለም።

መቸኮላችሁንም እፈልጋለሁ። ተማሪ ሳለን አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ብዙ ቤት ሥለን ነበር፤ የእንጨት በረንዳ ያላቸው፣ የቆርቆሮ ክዳናቸው ዝጎ የቀላ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በሰፊው ሲፈርስ ከእነዚያ ውስጥ አንዳንዶቹ አብረው ሄዱ። መፍረሱ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ክርክር ዛሬ አላነሣም። የማነሣው አንድ ነገር ነው። ባልደረቦቼና እኔ የድሮ ወረቀቶቻችንን ስንፈልግ ከቤቶቹ ግማሾቹን በሚገባ ሳንለካቸው፣ በስኬች ብቻ እንዳለፍናቸው አየን። የበሩን ስፋት አልጻፍንም። የደፉን ከፍታ አልጻፍንም። ዛሬ ሄዶ መለካት አይቻልም። ከዚራ ግን ዛሬም ቆሟል። የቀድሞው ለገሃር ሕንፃ ከነአደባባዩ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ቢሆንም የከተማዋ መንገዶች ዛሬም ወደ አሮጌው ጣቢያ ነው የሚያዩት። መጋላ ውስጥ የምታውቋቸው አያቶች አሉ፤ ቤቱን ማን እንደገነባው፣ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ የሚነግሯችሁ። እነሱን የምትጠይቁበት ጊዜ አሁን ነው።

በመጨረሻ ስለ ነገው ፕሮግራም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለገሃር በር እንገናኛለን፤ ከዚያ ከዘገያችሁ ፀሐይ ትቀድማችኋለች። እያንዳንዱ ቡድን ሜትር፣ ኮምፓስ፣ ጠመኔ፣ ለስላሳ እርሳስና በቂ ውሃ ይያዝ። ኮምፒውተራችሁን እቤት ተዉት። መጀመሪያ የምንሄደው ሐዲዱ ጋ ነው። የድሮው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ልክ 1 ሜትር ነው። እዚያ ላይ ቆማችሁ አንድ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ በእግራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የራሳችሁን ርምጃ በእሱ ታስተካክሉና ወደ ከዚራ እንገባለን። እስከ አምስት ሰዓት ተኩል መንገዱንና ብሎኩን እንለካለን። ከዚያ እንደ ከተማው ሰው ጥላ ውስጥ ገብታችሁ ዕረፉ። የዝጉን ቤት ሥዕል የጨረሰ ቡድን ወረቀቱን እንዳያሽግ። አሥር ሰዓት ሲል መዝጊያዎቹ መከፈት ይጀምራሉ፤ ያኔ እያንዳንዳችሁ በየደረሳችሁ ቤት በር ላይ እንድትገኙ። ባለቤቶቹን አስቀድመን አነጋግረናቸዋል፤ ይጠብቋችኋል።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከበስተኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።